ክርን ተሰብሮ ጣት ሲጠየቅ

የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ዘይቱን ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉ ከድቶታል። ግራ ክርኑ አብጦ በእናቱ ነጠላ ደረቱ ላይ ታስሯል። ተረኛው ሐኪም መጣ፤ ክርኑን ግን አልነካም። ቁጢጥ ብሎ ከልጁ ፊት ለፊት ሆነና የራሱን እጅ ዘረጋ።

«ማሙሽ፣ እስቲ እንደኔ ቡጢ ጨብጥ። ጎበዝ! አሁን ጣቶችህን ቀጥ አድርገህ ዘርጋ። መቀስ ታውቃለህ? በሁለት ጣትህ መቀስ ሥራልኝ። አሁን ደግሞ የአውራ ጣትህንና የሌባ ጣትህን ጫፍ አገናኝና ክብ ሥራ።»

ልጁ ሦስቱን ሠራ። ክቡ ላይ ሲደርስ ግን ጣቶቹ ጫፍ ለጫፍ አልገናኝ አሉት፤ ጠፍጣፋ ሆነው ተለጣጠፉ። የእናቱ ትዕግሥት አለቀ።

«ዶክተር፣ የተሰበረው ክርኑ ነው እኮ! ጣቱን ምን ያደርጉለታል?»

«አውቃለሁ እናቴ። ክርኑ ይጠብቀኛል፤ ጣቱ ግን አይጠብቀኝም።»

የተሰበረ ልጅ በሚታይበት ድንገተኛ ክፍል ሁሉ እንዲህ ያለ ምልልስ አይጠፋም። ጨዋታ የሚመስለው ነገር በክርን በኩል አልፈው ወደ እጅ የሚወርዱትን ነርቮች መፈተሻ ነው። ቡጢው ሚዲያን የሚባለውን ነርቭ፣ የተዘረጋው መዳፍ ራዲያልን፣ መቀሱ አልናርን ይመረምራል። ክቡ ደግሞ የሚዲያንን አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ይፈትሻል፤ በዚህ ዓይነት ስብራት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነው። ደግነቱ አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ ተወጠረ ወይም ተደቆሰ እንጂ አልተበጠሰም፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል። ሐኪሙ ግን አጥንቱን ከመንካቱ በፊት የነርቩን ሁኔታ አይቶ መዝገቡ ላይ ማስፈር አለበት። ያለዚያ ጉዳቱ ከውድቀቱ ይምጣ ከሕክምናው፣ በኋላ መለየት አይቻልም።

የልጅ ክንድ እዚህ ቦታ ላይ የሚሰበርበት ምክንያት አለው። የላይኛው የክንድ አጥንት ወደ ክርን ሲወርድ ክብነቱን ትቶ ይሳሳል። ከፊትና ከኋላ ሁለት ጉድጓዶች አሉት፤ ክንድ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የታችኛው አጥንት ጉጦች የሚያርፉባቸው ናቸው። በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል የቀረችው አጥንት እጅግ ስስ ስለሆነች በአንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ ቀዳዳ ሆና ትገኛለች። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ መገጣጠሚያው ልል ነው፤ ክርኑ ሲዘረጋ ከቀጥታ አልፎ ወደ ኋላ ይለመጣል። ሲወድቅ በደመ ነፍስ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይቀበላል። ያን ጊዜ የክርኑ ጫፍ ከኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይቆለፍና ስሷን አጥንት ወደ ፊት ይሰብራታል። ከልጆች የክርን ስብራት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው ከክርን በላይ ያለው ስብራት ነው።

ችግሩ ስብራቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያስጨንቅም ነበር። የላይኛው ስባሪ ስለታም ጫፍ ወደ ፊት ይወጣል፤ ከፊቱ ደግሞ ለእጅ በሙሉ ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ሥርና ሚዲያን ነርቭ ጎን ለጎን ያልፋሉ። አጥንቱ የደም ሥሩን ሊወጥረው፣ ሊያጣምመው፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሰው ይችላል። ሐኪሙ በእጅ አንጓ ላይ የደም ምቱን የሚዳብሰው፣ የጣት ጥፍር ተጭኖ ሲለቀው ቀይ ቀለሙ በሁለት በሦስት ሰከንድ ውስጥ መመለሱን የሚያየው ለዚህ ነው። ምቱ ባይገኝም እጁ ሞቃትና ቀይ ከሆነ ደም በጎን ሥሮች እየደረሰው ነው፤ አጥንቱ ቦታው ሲመለስ ምቱም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። እጁ ከነጣና ከቀዘቀዘ ግን ነገሩ የደቂቃዎች ጉዳይ ይሆናል።

በክርን ላይ የሚደርሰው ሁሉ ታዲያ ይኸው አይደለም። አዋቂ ሰው በተዘረጋ እጁ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከክርን በታች በአውራ ጣት በኩል ያለው የቀጭኑ አጥንት ራስ ነው፤ መዳፍን ወደ ላይና ወደ ታች ማገላበጥ ያምማል። በክርኑ ሹል ላይ የወደቀ ወይም ከባጃጅ የተፈናጠረ ሰው ደግሞ ሹሉን ይሰብርና ክንዱን በራሱ ኃይል መዘርጋት ይሳነዋል፤ ይህ በአብዛኛው ኦፕራሲዮን ይፈልጋል። ለአዋቂዎች አንድ ቀላል መፈተሻ አለ፦ ክርኑን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት የቻለ ሰው ስብራት የመያዙ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ ድንገተኛ ክፍሎች ተፈትሾ ታማኝነቱ ታይቷል፤ ለልጆች ግን በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም። አዋቂ ላይ ሌላም የሚለይ ነገር አለ። ክርኑ ቶሎ ይደርቃል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ በጀሶ የታሰረ የአዋቂ ክርን ዳግመኛ ሙሉ በሙሉ ላይዘረጋ ስለሚችል፣ ሐኪሞች ያልተንሸራተተውን ስብራት በጥቂት ቀናት ውስጥ ማንቀሳቀስ ያስጀምራሉ።

ወደ ልጆቹ ልመለስ፤ ራጁ እንኳ የሚያታልለው እነሱ ላይ ነው። የሕፃን ክርን በአብዛኛው ልም አጥንት ነው፤ ልም አጥንት ደግሞ በራጅ አይታይም። አጥንት የሚሆኑት ስድስት እንብርቶች በየተራ ይወጣሉ፤ የመጀመሪያው በአንድ ዓመት ገደማ፣ የመጨረሻው በአሥራ አንድ ዓመት ገደማ። ይህን ተራ የማያውቅ ዓይን ጤነኛውን እንብርት ስብራት ነው ይለዋል፤ ስብራቱን ደግሞ ጤነኛ ነው ብሎ ያሰናብተዋል። ጎበዝ አንባቢ ከአጥንቱ ይልቅ በዙሪያው ያለውን ስብ ያያል። ከክርን ኋላ ያለው ስብ በጤናው ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ተደብቆ አይታይም፤ ራጁ ላይ ጥቁር ሆኖ ከታየ ውስጥ ደም ፈስሶ ገፍቶታል ማለት ነው። መስመር ባይታይም ስብራት እንዳለ ተቆጥሮ ክንዱ ይታሰርና ልጁ በሳምንት በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይታያል።

በዚህ ረገድ አሳሳቹ ከክርን ውጭ በኩል ያለችው ትንሽ ስብራት ናት። እብጠቷ ትንሽ፣ ራጅ ላይም ስስ ፍንጣቂ ብቻ ናት። ታልፋ ቀርታ ከተንሸራተተች ግን አትጋጠምም። ክርኑ ከዓመት ዓመት ወደ ውጭ እየተጣመመ ይሄድና ልጁ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ መደንዘዝ ይጀምራሉ። ያኔ የልጅነት ውድቀቱን የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እ.ኤ.አ. በ1881 በጀርመን የሃለ ከተማ ይሠራ የነበረ ሪቻርድ ፎን ፎልክማን የተባለ ቀዶ ሐኪም ከስብራት በኋላ ጣቶቻቸው ወደ መዳፋቸው ታጥፈው የደረቁ ሕሙማንን ጉዳይ ጽፎ አሳተመ። ሰውየው በብዕር ስም የተረት መጽሐፍ የጻፈ ደራሲም ነበር። ያየው ነገር ግን ተረት አይደለም፤ ጣቶቹን ያደረቀው ስብራቱ ሳይሆን ጡንቻው ደም አጥቶ መሞቱ ነው አለ። ጥፋተኛ ያደረገውም ጠብቆ የታሰረውን ፋሻ ነበር። በሽታው ዛሬም በስሙ ይጠራል።

የክንድ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። ስብራት ሲኖር ደም ይፈሳል፣ ጡንቻው ያብጣል፤ ሽፋኑ ግን አይሰፋም። ስልቻ ሞልቶ የታጨቀ እህል ውሃ ገብቶበት እንደሚያብጠው ነው፤ መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ ወደ ውስጥ ይሆናል። ግፊቱ ሲያይል መጀመሪያ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይደፈናሉ፤ ጡንቻውና ነርቩም ይታፈናሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ትልቁ የደም ሥር አሁንም ሊመታ ይችላል። ምት አለ ብሎ መዘናጋት ብዙ እጅ አስበልቷል። ስድስት ሰዓት ገደማ ደም ያጣ ጡንቻ ተመልሶ ላይነሳ ይሞታል፤ የሞተው ጡንቻ ወደ ጠባሳ ተለውጦ ይኮማተርና ጣቶቹን ጎትቶ ያጥፋቸዋል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን መድኃኒቱ ቀላል፣ ለዓይን ግን የሚያስደነግጥ ነው፦ ያን ሽፋን በረጅሙ ቀድዶ ጡንቻውን ማስተንፈስ።

ምልክቱን ወላጅ ከሐኪም ቀድሞ ሊያየው ይችላል። ክንዱ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ይብሳል። ጣቶቹን ቀስ አድርገው ሲዘረጉለት ልጁ ይጮኻል። ይቁነጠነጣል፣ ማስታገሻ ወስዶ ተመልሶ ማስታገሻ ይጠይቃል። ትንሽ ልጅ «እጄ ደነዘዘ» አይልም፤ እንቅልፍ ያጣል፣ ያለቅሳል። ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰን ልጅ «ስብራት ስለሆነ ነው፣ ይቻለው» ብሎ እስኪነጋ መጠበቅ ነው አደጋው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ስለ ወጌሻ ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። በአገራችን አብዛኛው የተሰበረ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ቤት ነው። ወጌሻው ሰፈር ውስጥ አለ፤ ወረፋ የለውም፤ ዋጋው አይከብድም፤ አባቱም አያቱም ሲያሹ ታይተዋል። እውነት ለመናገር በብዙ ስብራት ላይ ይሳካለታል። ያልተንሸራተተ አጥንት በልኩ ከታሰረ ማንም ያሰረው ማን ይጋጠማል። ልጅ ላይ ደግሞ ዝናውን የሚያገንንለት አንድ ጉዳይ አለ። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለ ሕፃን በአንድ እጁ ተስቦ ሲነሳ የክርኑ ቀጭን አጥንት ከያዘው የጅማት ቀለበት ሸርተት ይላል። ልጁ እጁን ጎኑ ላይ ጥሎ አላነሳም ይላል፤ እብጠት ግን የለውም። ወጌሻው መዳፉን አዙሮ ክርኑን እጥፍ ሲያደርገው ቀጭ ይላል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሕፃኑ በዚያው እጁ ዳቦ ይቀበላል። ሐኪምም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ይህን ተአምር በዓይኗ ያየች እናት ታላቅ ወንድሙ ከዛፍ ወድቆ ክርኑ ያበጠ ቀን ወዴት ትሂድ?

ሁለቱ ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ያበጠው ክርን በቅቤ ይታሻል፣ ይጎተታል፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ተከብቦ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። እብጠቱ የሚብሰው ገና ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው፤ ቀርከሃውም ጨርቁም አይሰፉም። ውስጥ ያለው ግፊት ላይ የውጭው ይጨመርበታል። ጣቶቹ ከታሰረው ጨርቅ ውጭ ካልቀሩ ደግሞ መጥቆራቸውን የሚያይ የለም። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ሽታው ሲመጣ ይፈታል፤ ያኔ ቀሪው ሥራ የመጋዝ ይሆናል።

ከዚህ የሚወለድ አንድ ወሬ አለ፦ «ሆስፒታል ከሄደ ይቆርጡታል።» ወሬው ሐሰት ነው ብሎ መሳቅ ይቻላል፤ እኔ ግን ጎረቤት ያየውን ነው የሚያወራው እላለሁ። ልጁ ሁለት እጅ ይዞ ወጌሻ ቤት ገባ፤ ሁለት እጅ ይዞ ወጣ። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ገባ፤ በአንድ እጅ ተመለሰ። እጁ የሞተው መቼ እንደሆነ ከውጭ አይታይም። ፍርሃቱ በተራው ቀጣዩን ልጅ ያዘገየዋል፤ የዘገየውም ይቆረጣል፤ ወሬውም ይጠነክራል።

ጥፋቱን ሁሉ ወጌሻ ላይ መጣልም አግባብ አይደለም። ገና በሚያብጥ ክንድ ላይ ዙሪያውን የተዘጋ ጀሶ አስሮ «ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» የሚል ነጭ ጋወንም ያው ፎልክማን የከሰሰውን ፋሻ ነው ያሰረው። ትኩስ ስብራት ላይ ጀሶ በአንድ ወገን ብቻ ይደረጋል፣ ወይም ዙሪያውን ከሆነ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ወጌሾችን በተመለከተ ደግሞ ከማውገዝ የተሻለ መንገድ ተሞክሯል፤ በኢትዮጵያ ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ሥልጠና በእጅና እግር ላይ የሚደርሰውን ጋንግሪን እንደቀነሰ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። ለወጌሻ የሚነገረውም ብዙ አይደለም። ጣቶቹን ውጭ ተው፤ ከሥር የሚለሰልስ ነገር አድርግ፤ በዚያው ዕለት ማታ ተመልሰህ እይ፤ ከበረደ ወይም ካመመ ፍታ። የልጅ ክርን ሲያብጥ ደግሞ ጭራሽ አትንካ፣ ላክ። እኔን ብትጠይቁኝ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፉት ፖስተሮች አንዱ ይህ መሆን ነበረበት።

ከውድቀቱ እስከ ሆስፒታል ባለው ጊዜ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ክንዱ ባገኙት አኳኋን ይታሰር። ለመዘርጋትም ለማጠፍም አይታገሉት፤ በተለይ ክርኑን አጥፎ በነጠላ ደረት ላይ ጠፍሮ ማሰር በእብጠቱ ላይ የደም ሥሩን ይጫነዋል። ትራስ ወይም የታጠፈ ካርቶን ከሥር አድርጎ በላላ ሻሽ መደገፍ ይበቃል። አምባር፣ ቀለበት፣ የእጅ ክር ካለ ሳያብጥ ይውለቅ፤ ኋላ በመቀስ ነው። ቅቤም ቅባትም አይነካው። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ቶሎ ይሂድ፤ አንቲባዮቲክና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ እናቶችን ይከብዳቸዋል፦ ልጁን አለማብላት። ያለቀሰ ልጅ ወተት ይሰጠዋል፣ መንገድ ላይ ሙዝ ይገዛለታል። ማደንዘዣ ለመስጠት ግን ሆዱ ከምግብ ስድስት ሰዓት ያህል ባዶ መሆን አለበት። ከወረዳ ተነስቶ አራት ሰዓት ተጉዞ የደረሰ ልጅ በር ላይ በበላው ብስኩት ምክንያት ሌላ ስድስት ሰዓት ሲጠብቅ ማየት ያናድዳል። የወደቀበትን ሰዓትና የበላበትን ሰዓት ማስታወስ ለሐኪሙ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ስብራቱን በሦስት ደረጃ ያየዋል። ይህን አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ጆን ጋርትላንድ የተባለ የፊላደልፊያ ሐኪም ነው፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ያልተንሸራተተው ለሦስት ሳምንት ያህል በጀሶ ይድናል። ወደ ኋላ ተለምጦ ግን በከፊል የተያያዘው ቦታው መመለስ ይኖርበታል። ሙሉ በሙሉ የተለያየው በማደንዘዣ ተስቦ ይገጠምና ከቆዳው ላይ በቀጥታ በሚገቡ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ይሰካል። ሽቦዎቹ እ.ኤ.አ. በ1909 ባስተዋወቃቸው በጀርመናዊው ማርቲን ኪርሽነር ስም ይጠራሉ። ብዙ ጊዜ ቀዶ መክፈት አያስፈልግም። ነገር ግን ሥራው ሲ-አርም የሚባለውን፣ በኦፕራሲዮን መካከል ራጅ የሚያሳይ ማሽን ይፈልጋል። እሱ በሌለበት ሆስፒታል ሐኪሙ ክርኑን ከፍቶ ይሰካዋል፣ ወይም ልጁን አስተኝቶ በክብደት ይስበዋል፣ ወይም ሪፈር ይጽፋል። አዲስ አበባ ያሉት እንደ ጥቁር አንበሳና እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የኪዩር የልጆች ሆስፒታል ያሉ ተቋማት የዚያ ሪፈር መድረሻ ናቸው።

እጁ ሞቃት፣ ጣቶቹም ደኅና ከሆኑ ኦፕራሲዮኑ እስከ ነገ ቢያድር ጉዳት የለውም። «ክርኑ ይጠብቀኛል» ያለው ሐኪም ማለቱ ይህን ነው። የማይጠብቀው የነጣው፣ የቀዘቀዘው፣ ሕመሙ የሚብሰው እጅ ነው።

አንድ ነገር ግን ራሱን ያስተካክላል ተብሎ አይተውም። «ልጅ አይደል? ሲያድግ ይቃናል» የሚባለው ለትከሻና ለእጅ አንጓ አጠገብ ስብራት ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ አጥንቱ የሚያድገው በዋናነት በነዚያ ጫፎች ስለሆነ። የላይኛው የክንድ አጥንት ግን ከእድገቱ ሃያ በመቶ ያህሉን ብቻ ነው ከክርን በኩል የሚያገኘው። ጠሞ የተገጠመ ክርን ጠሞ ይቀራል፤ ልጁ ክንዱን ሲዘረጋ ክርኑ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የታችኛው ክንድ ወደ ሰውነቱ ያጋድላል። በአብዛኛው ሥራ አያስፈታውም፤ መልኩ ግን ያሳቅቀዋል፤ ለማቃናትም አጥንቱን እንደገና መቁረጥ ያስፈልጋል።

ሽቦዎቹ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይተው በተመላላሽ ክፍል ይሳባሉ፤ በአብዛኛው ማደንዘዣ አይጠይቅም። ጫፋቸው ከቆዳ ውጭ ስለሆነ ከዚያ በላይ ሲቆዩ ኢንፌክሽን ይጋብዛሉ። ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ ልጁ ስላላለቀሰ ብቻ ቀጠሮውን ይረሳዋል፤ እርሻ ይይዘዋል፣ ገበያ ይይዘዋል፣ የመኪና ገንዘብ ያጥረዋል። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ሲወጡ ሽቦው የሚወጣበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ይሰጣቸው፤ በአቅራቢያቸው ሊያወጣው የሚችል ሆስፒታል ካለም ያኔውኑ ይጠይቁ። ጀሶው ሲፈታ ክርኑ ደርቆ ይገኛል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ልጁ በራሱ ጨዋታ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ኳስ ሲወረውር በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያላላዋል። ቶሎ እንዲዘረጋ ብሎ ማሸትና በኃይል መጎተት ጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግና ክርኑን ለዘለቄታው ሊቆልፈው ይችላል። ከስድስት ወር በኋላም ካልተዘረጋ ግን ተመልሶ ይታይ።